ግብረ ገብ ይመለስ ብዬ የከፈትኩት ክር የት እንደደረሰ (ጃፓን፣ ጃንሆይና የአያቴ ደብተር)

የመክፈቻው ፖስት

ሰላም ናችሁ ወሎዬዎች፣ ሌሎቻችሁም። ባለፈው ቅዳሜ ደሴ ሙጋድ ያለው የእናቴ ቤት ጣሪያው እያፈሰሰ ስላስቸገረ ቆርቆሮ እናስቀይር ብለን ኮርኒሱን ስናወርድ አንድ የዛገ ሳጥን ወጣ። የአያቴ ነው። ውስጡ የግብር ደረሰኝ፣ አንድ መስታወቱ የወለቀ መነጽር፣ ጃንሆይ ያሉባቸው ሁለት ሳንቲሞች እና አንድ ደብተር። ሽፋኑን አይጥ ጫፍ ጫፉን በልታዋለች ግን ይነበባል፣ ግብረ ገብ ይላል፣ ከሥሩ 5ኛ ክፍል 1946 ዓ.ም.። ጽሕፈቱን ብታዩት! በብዕርና በቀለም፣ አንዲት ፊደል ከመስመር ሳትወጣ፣ መምህሩ በቀይ አርሞት። ታላቅን ስለማክበር አለ፣ ስለ ጥፍርና ስለ ጥርስ ንጽሕና አለ፣ ሰው ሲናገር ስላለማቋረጥ አለ፣ ለንጉሠ ነገሥትና ለሰንደቅ ዓላማ ስለመታመን ሦስት ገጽ ሙሉ አለ።

7ኛ ክፍል የሆነው ልጄ አየና ሳቀ። ጥፍር መቁረጥ ፈተና ላይ ይመጣ ነበር እንዴ አለኝ። በማግስቱ ከፒያሳ ወደ ቧንቧ ውሃ ስንሄድ ታክሲ ውስጥ ከዘራ የያዙ አባት ቆመው እሱ ጆሮው ላይ ኢርፎን ሰክቶ ተቀምጧል፣ በክርኔ ነካ ባደርገው ነው የተነሳው። እና ማታውን ተናድጄ ይሄን ጻፍኩ። ጃፓን ንጉሥ ነበራት፣ እኛም ነበረን። ሁለታችንም ዘራችን ከጥንት አልተቋረጠም የሚል ዙፋን፣ ሁለታችንም ነጭ ያልገዛን (የአምስቱን ዓመት ወረራ ተዉት)፣ ሁለታችንም አውሮፓ የሚሉትን ጦር ያሸነፍን፣ እኛ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ እነሱ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ሩሲያን። እንዲያውም የ1923ቱ ሕገ መንግሥታችን ከእነሱ የተገለበጠ ነው። ታዲያ እነሱ እዚያ እኛ እዚህ የቀረነው ለምንድነው? መልሴ፦ እነሱ ልጆቻቸውን በንጉሥና በአገር ፍቅር ቀርጸው አስተማሩ፣ እኛ ደርግ ሲመጣ ግብረ ገቡን ከነንጉሡ ጣልነው። ግብረ ገብ ይመለስ! ተሳሳትኩ?

ፖስቱ ይሄ ነበር። ከዚያ መልሱ ዘነበ፣ በመጨረሻ አድሚኑ ክሩን ዘጋውና ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ምን ተባለ እያለ ስለጠየቀኝ እንደገባኝ አድርጌ እየጨመቅኩ በቁጥር አስቀምጫለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም፣ ስምም አልጠራም። ስድብ ስድቡን ዘልዬዋለሁ፣ እኔን የሰደበኝን ግን ትቼዋለሁ።

1ኛ። ኮምቦልቻ የሚያስተምር መምህር ነው። እጅ መሳም ነው የቀረው፣ እንደዛ ተስማማ። ተማሪ ዛሬ ቆሞ እያየህ ያኝካል፣ ወላጅ ሲጠራ ደግሞ ወላጁ ራሱ መጥቶ መምህሩን ይሰድባል ብሎ ብሶቱን ዘረገፈ። መርቆኝም ሄደ።

2ኛ። አንዷ ቀዝቀዝ አድርጋ አረመችኝ። ግብረ ገብ እኮ ተመልሷል፣ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ለአንደኛ ደረጃ ልጆች በስሙ መጽሐፍ አለው፣ ከፍ ሲሉ ደግሞ የዜግነት ትምህርት ይሆናል፣ የት ነበርክ ወንድሜ ነው ነገሩ። ልክ ናት። የኔው ልጅ ስላለፈችው አላየኋትም። ይመለስ ብዬ የጮህኩበት ነገር ከተመለሰ መክረሙን በሕዝብ ፊት መስማት ትንሽ ያሳፍራል ግን እሺ።

3ኛ። ደብተሩን ፎቶ አንስተህ ልቀቅ ያለ ሰው ነው። ለቀቅኩ፣ ስልኬ ካሜራው ደብዛዛ ነው፣ ይቅርታ። ከዚህ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ሰዉ ስለ ብዕርና ስለ ቀለም ጠርሙስ፣ ኪስ ላይ ስለሚፈስ ቀለም፣ እናት ስለምትገርፈው ግርፊያ ብቻ ነው ያወራው።

4ኛ። እዚህ ጋ ነው ጨዋታው የተቀየረው። በጣም ረጅም ነው፣ ሰውየው ሌክቸረር መሰለኝ፣ በየአንቀጹ ስለዚህ ይላል። ፍሬ ነገሩ ቅደም ተከተሉን ገልብጠኸዋል የሚል ነው። ጃፓን የዘመነችበት የንጉሥ ሜይጂ ዘመን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1868 ነው፣ ያኔውኑ በንጉሡ ስም በወጣው የአምስት አንቀጽ መሐላ ዕውቀት ከመላው ዓለም ይፈለጋል ተባለ፣ በ1872 የትምህርት ሕግ ወጣ፣ በየሰፈሩ ትምህርት ቤት ተባለ፣ ወንድ ሴት ሳይል። ልጆቻቸውን ቀረጹበት ያልኩት ያ በንጉሡ ስም የሚነበብ የትምህርት ቃል፣ ለወላጅ ታዘዙ ለዙፋኑ ታመኑ የሚለው፣ የወጣው በ1890 ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ትምህርት ቤት ሲከፈት ቆይቶ! በዚያ ላይ መጀመሪያ ሕዝቡ ወዶ አልተቀበለም፣ ክፍያ ነበረው፣ ልጁ ደግሞ የእርሻ እጅ ነው፣ ገበሬው ተነስቶ ትምህርት ቤት ያቃጠለበት ቦታ ሁሉ አለ። ክፍያው የቀረው በ1900 ነው፣ ከዚያ በኋላ ነው ከአሥር ልጅ ዘጠኙ አንደኛ ደረጃ የገባው። ማለት ግብረ ገቡ የተነበበው አስቀድሞ ለተሰበሰበ ልጅ ነው። የኛ አገር ግን ቃሉ ቀድሞ ልጁ አልተሰበሰበም ነው የሚለው። ይሄን ሁለቴ አነበብኩት። ያኔ አልመለስኩለትም።

5ኛ። 4ኛውን ተከትሎ አንድ የኮምቦልቻ ልጅ መሬቱን አመጣ። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1873 የመሬት ግብሩን ሲያሻሽሉ ለባለይዞታው ደብተር ሰጡት፣ ግብሩም በጥሬ ገንዘብ ሆነ፣ በ1876 የሳሙራዮቹን ቀለብ ቆረጡ። የኛ ባላባት ቀለቡን የቆረጠው ማን ነው? እስከ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ድረስ የእሱ አያት የሰው መሬት ነው ያረሰው፣ እኩል አራሽ፣ በዓል ሲሆን ደግሞ ለባለመሬቱ ሙክት። አምስት ልጅ ወልደው አንዱም ፊደል ቤት አልገባም፣ ከብቱን ማን ይጠብቃል። ጨዋ ልጅ ነው ግን መጨረሻው ላይ የናንተ አያት ደብተር የነበረው ስለምን እንደሆነ አስበህበታል ወይ የምትል ሚጥሚጣ ጣል አደረገ። አያቴ የባላባት ልጅ አይደለም እኮ፣ አባቱ ሰኞ ገበያ ጨው ቸርቻሪ ነበር። ቢሆንም ከተማ ነው፣ ይገባኛል።

6ኛ። የሕገ መንግሥቱ ሰው። ተገለበጠ አትበል፣ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት የሜይጂን እንደ ሞዴል ይዘው ለእኛ አስማምተው ነው ያረቀቁት አለ። ከዚያ ጎን ለጎን አስቀመጠው፦ የእነሱ እ.ኤ.አ. የ1889 ሕገ መንግሥት ዘሩ ያልተቋረጠ ንጉሠ ነገሥት ብሎ ይጀምራል፣ የእኛው ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የወጣው ከቀዳማዊ ምኒልክ፣ ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ያወርዳል። የንጉሡ አካል የተቀደሰ ነው የሚለው ሁለቱም ጋ አለ። ልዩነቱ ምክር ቤቱ ላይ ነው። እነሱ ጥቂትም ቢሆኑ ግብር ከፋዮቹ ድምፅ የሚሰጡበት የታችኛው ምክር ቤት ነበራቸው። የኛ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ ተብሎ መኳንንቱና ሹማምንቱ መረጡለት፣ ራሱ የመረጠው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። እስኪበቃ የምትለዋን ቃል ሰውየው ሦስት ቦታ ደጋግሟታል፣ አንጀቱን እንዳቃጠለችው ያስታውቃል። የኔንም።

7ኛ። ብላቴን ጌታ ኅሩይን የሚወድ ሰው። በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ሄደው ተመልሰው ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን ብለው መጻፋቸውን፣ ከሳቸው በፊት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ጃፓንን እንደ ምሳሌ ማንሳታቸውን፣ በኋላም ከበደ ሚካኤል ጃፓን እንደምን ሠለጠነች ብለው መጠየቃቸውን ጽፎ አዲስ ጥያቄ እንዳመጣ ሰው አትሁን አለኝ። ከመቶ ዓመት ያላነሰ እየጠየቅን ነው። ጥሩ ነበር፣ ግን ጭራው ላይ የልጅ አርአያ አበበንና የኩሮዳ ማሳኮን ነገር ጨመረበት፣ እ.ኤ.አ. በ1934 ሊጋቡ ታስቦ ጣሊያን ገብቶበት የቀረውን።

8ኛ እና 9ኛ። ስለ ሠርጉ ነው። ዶሮ ወጥ በእንጨት ሲበላ፣ ሚዜው በኪሞኖ፣ ምናምን። እለፉት።

10ኛ። ይሄ ነው ድምፁን ያከረረው። የማን ንጉሥ፣ የማን ግብረ ገብ ነው ጥያቄው። የወሎ ሙስሊም ሆነህ የዙፋን ወግ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣልህ በ1870 ዓ.ም. ከዚህ ከደሴ አፍንጫ ሥር ቦሩ ሜዳ ላይ የተደረገው ጉባኤና አፄ ዮሐንስ ተጠመቁ ማለታቸው ነው፣ የወሎው ገዢ መሐመድ አሊ ተጠምቆ ሚካኤል የሆነው እዚያ ነው አለ። ቀጥሎ የአባቱን ነገር ተናገረ፣ ስድብ የለበትም፣ ለዛ ነው የከበደኝ። አባቱ ልጅ እያሉ ሊመዘገቡ ሲሄዱ መዝጋቢው ስማቸውን ሰምቶ ሌላ ስም ጻፈላቸው፣ ይሄ ይሻልሃል ብሎ፣ በክፋት እንኳን አይደለም። እስከ 8ኛ ክፍል በዚያ ስም ተጠሩ። ቤት ሲገቡ ሌላ፣ ክፍል ሲገቡ ሌላ። አንድ ቀን መንገድ ላይ የክፍል ጓደኛቸው ከእናታቸው ፊት በዚያ ስም ጠራቸው፣ እናትየዋ ዞር ብለው ማንን ነው አሉ፣ አባቱም እኔ እንጃ አሉ። እስካሁን ይሄን ሲያወሩ ወደ መሬት ነው የሚያዩት አለ።

11ኛ። ወዲያው አንዱ ተነስቶ ጮኸ። ወሎ የፍቅር አገር ነው፣ የድሮ ቁስል የምትነካካው ማን ከፍሎህ ነው፣ አይጠየፍ አዳራሽን የሠራ ሕዝብ አብሮ የበላ ሕዝብ ነው፣ አንተ ግን ምሁር ነኝ ባይ ምናምን። ለኔም ደረሰኝ፣ በተከፈተ በር ጅብ የሚያስገባ አለኝ።

12ኛ። ለ11ኛው የመለሰችው ልጅ ቤታቸው ግማሹ ክርስቲያን ግማሹ ሙስሊም እንደሆነ፣ ቡና ሲፈላ አያቷ በስመ አብ ሲሉ የአክስቷ ባል ቢስሚላህ እንደሚሉና ስኒው ያው አንድ እንደሆነ ተናግራ፣ ግን አብሮ መብላት ማለት አንዱ የሆነበትን እንዳያወራ አፉን መያዝ አይደለም ብላ ዘጋችው። እኔ ልቤ ከሷ ጋር ነው። 11ኛው ሌላ ሁለት ጊዜ መለሰላት፣ ያንን አድሚኑ አጠፋው።

13ኛ። አድሚኑ። ማስጠንቀቂያ፣ ቀይ ምልክት፣ ያው።

14ኛ። እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ሰው ገቡ፣ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። ፊደላቸው የተስተካከለ፣ አራት ነጥብ የማይረሱ። ልጆቼ ብለው ጀመሩና ሁላችሁም ትምህርት ስትሉ ጥቁር ሰሌዳና ደወል ያለበትን ብቻ ነው የምታስቡት አሉ። እሳቸው የኔታ ዘንድ ፊደል ሲቆጥሩ ጎረቤታቸው የነበረ ልጅ ደግሞ ደረሳ፣ የቁርአን ተማሪ ነበር። በከሰል ጥላሸት ከተበጠበጠ ቀለም በእንጨት ሎህ ላይ ይጽፋል፣ ሲሸመድደው ሎሁን ያጥበዋል፣ ያጠበበትንም ውሃ አንዳንዴ ይጠጣዋል፣ ተባረክ ተብሎ። ማታ ሁለቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው እሳቸው ዳዊት ያነበንባሉ እሱ ቁርአን፣ ማን ቶሎ ይጨርሳል እያሉ ይወራረዳሉ። ያ ልጅ አድጎ አማርኛውን በዓረብ ፊደል፣ በዓጀም፣ ደብዳቤም መንዙማም የሚጽፍ ሰው ሆነ። ቆጠራ ሲመጣ ግን ማንበብ የማይችል ተብሎ ተመዘገበ! ወሎ እኮ በአንድ በኩል የዋድላ ቅኔ ቤት፣ በሌላ በኩል ዳናና ጀማ ንጉሥ የሚባሉት የእስልምና ትምህርት ቦታዎች ያሉበት አገር ነው፣ አስተማሪ አጥቶ አያውቅም አሉ። ጃፓን ከሜይጂ በፊት በየሰፈሩ የነበሩትን የፊደል ቤቶች ለአዲሱ ትምህርት መነሻ አደረገቻቸው፣ ሲያም ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1898 ጀምሮ መነኮሳቱን አስተማሪ፣ ገዳሙን ክፍል አድርጋ አገሩን አዳረሰች። እኛ የኔታንም ሼሁንም እንደ ኋላ ቀር ትተን ከባሕር ማዶ መምህር ስንጠብቅ ልጁ አመለጠን። ይሄ የክሩ ትልቁ ነገር ነው ለኔ። መቶ ምናምን ላይክ አገኙ፣ ይገባቸዋል።

15ኛ። ሲያም ምንድነው ያለ ልጅ።

16ኛ። የመለሰለት ሰው ታይላንድ ናት ብሎ ቢያቆም በቂ ነበር፣ እሱ ግን ጥሩ ነገር አወጣ። ንጉሣቸው ቹላሎንግኮርን የነገሠው እ.ኤ.አ. በ1868 ነው፣ ልክ ጃፓን ሜይጂን ባነሳችበት ዓመት። በዚያው ዓመት እኛ ምን ላይ ነበርን? እዚሁ ወሎ፣ መቅደላ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.። ቴዎድሮስም እኮ ዘመናዊነት ፈልገው ነው ነጮቹን ጋፋት ላይ መድፍ አቅልጡ ያሉት፣ ያንን ሴባስቶፖል መቅደላ ድረስ ያስጎተቱት፣ ከየአብያተ ክርስቲያናቱ የሰበሰቡትም የብራና መጽሐፍ እዚያው አምባ ላይ ነበር። እንግሊዞቹ ሲወርዱ ዕቃውን 15 ዝሆንና ወደ 200 በቅሎ ጭነው ወሰዱት። ሦስቱ ነገሥታት አንድ ዓመት ላይ ቢገናኙም አንዱ ብቻ ነው መጽሐፉን በዝሆን ያስጫነው ብሎ ቀለደ። አልሳቅኩም ግን ደግሜ አነበብኩት።

17ኛ። ይሄኛው ስለታም ነው። ጃፓን ጃፓን የምትለውን እስከ መጨረሻው ተመልከተው አለኝ። የንጉሡ ፎቶና ያ የትምህርት ቃል በየትምህርት ቤቱ ልዩ ማስቀመጫ ተሠርቶለት ነበር፣ እሳት ሲነሳ ፎቶውን አወጣለሁ ብለው የሞቱ ርዕሳነ መምህራን አሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1891 ኡቺሙራ ካንዞ የሚባል መምህር በቃሉ ፊት ዝቅ ብዬ አልሰግድም በማለቱ ሥራውን አጣ፣ በዚያ ቃል ያደገ ትውልድ ነው ማንቹሪያ የዘመተው፣ መጨረሻውን ሂሮሺማ ታውቀዋለህ። ከጦርነቱ በኋላ ራሱ ምክር ቤታቸው እ.ኤ.አ. በ1948 ሻረው። ሰለጠኑበት የምትለውን ነገር ራሳቸው አውልቀው ጣሉት፣ አንተ ደግሞ ከቆሻሻው ገንዳ ልታነሳው ነው? እንዲህ አይነት ነገር፣ ከዚህም የባሰ።

እዚህ ጋ ነው እኔ ራሴ መልስ የጻፍኩት፣ ስለ ደብተሩ። ስለ ንጉሠ ነገሥት መታመን የሚለው ትምህርት የሚጀምርበት ገጽ ላይ አራት ማዕዘን የሆነ የሙጫ ምልክት አለ፣ የዱቄት ሙጫ፣ ቢጫ ሆኖ የደረቀ፣ ጥፍር ሲነካው የሚፈረፈር። ፎቶ ነበረበት ማለት ነው። እናቴን ብጠይቃት ታውቃለች። ጋዜጣ ላይ የወጣ የጃንሆይ ፎቶ ነበር፣ አያቴ ልጅ ሆኖ በመቀስ ቆርጦ የለጠፈው፣ ማንም አላዘዘውም። በ1967 አንድ ማታ ራሱ ላጠው፣ ምጣድ ሥር ከተተው፣ እናቴ እንጀራ እየጋገረች ነበር። ደብተሩን ግን አላቃጠለም። ለምን ብዬ ብጠይቃት ጽሕፈቱ አሳዝኖት ይሆናል አለች። 17ኛው ከዚህ በኋላ ለስለስ አለ።

18ኛ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራ ልጅ። የጃፓን ንጉሥን አላውቅም ካይዘንን (የጃፓኖቹን የሥራ ማሻሻያ ዘዴ) ግን በደንብ አውቀዋለሁ ብሎ አሳቀን። ግድግዳው ላይ አምስቱ ማዎች ተለጥፈዋል፣ ማጣራት ማስቀመጥ ማጽዳት እያለ ይወርዳል፣ የካይዘን ኢንስቲትዩቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ከተቋቋመ ወዲህ ሥልጠናው እየመጣ ነው። እውነቱን ለመናገር ማሽኑ አካባቢ ያለው ዘይት ጠፋ፣ መፍቻው ቦታው ላይ ይገኛል፣ ጣት የሚቆረጠውም ቀነሰ። ታዲያ ይሄን ያስተማረን ሰው አንድ ቀንም ስለ ንጉሥ አላወራንም፣ መጥረጊያውን ራሱ ይዞ ነው ያሳየን አለ።

19ኛ እና 20ኛ። ስለ ደሞዝ፣ ስለ ኮምቦልቻ የቤት ኪራይ፣ ከዚያ ስለ ሐረጎ ጭጋግና ሌሊት ስለሚነዱ ሹፌሮች። ከርዕስ ወጣ ብዬ ብጽፍም ማንም አልሰማኝም።

21ኛ። የጃንሆይ ወዳጅ። ሰውየው፣ ጃንሆይ የትምህርት ሚኒስትርነቱን ሥልጣን ለብዙ ዓመት ራሳቸው ይዘውት እንደነበር፣ ገና አልጋ ወራሽ ሳሉ በ1917 ዓ.ም. በስማቸው ትምህርት ቤት መክፈታቸውን፣ አጎቱ ከገጠር መጥተው አዳሪ ትምህርት ቤት በነጻ እየበሉ እየለበሱ ተምረው ውጭ ድረስ መሄዳቸውን ዘረዘረ። ዛሬ ማን ያደርገዋል ነው። እዚህ ላይ እውነት አለው፣ አያቴም ጫማ ያደረገው መጀመሪያ ትምህርት ቤት ነው።

22ኛ። ቀጥሎ የመጣው አላሳረፈውም። ያስተማሯቸው አይደሉም ወይ የጣሏቸው? በታኅሣሥ 1953 መፈንቅለ መንግሥት የሞከረው ገርማሜ ንዋይ፣ አሜሪካ ተምሮ የመጣ። የተማሪው ንቅናቄ ሰው ዋለልኝ መኮንንስ እዚሁ ደሴ ወይዘሮ ስኂን የተማረ አይደል? የትምህርት ቤቱ ስም የእቴጌ መነን እናት፣ የተማሪው ጥያቄ የዙፋኑ መነቀል። ትምህርቱ ሠርቷል ማለት ነው ወይስ ከሽፏል፣ ግብረ ገብ የጎደለው ተማሪው ነው ወይስ መንግሥቱ አለና ሄደ። ከዚህ በኋላ ስለ ዋለልኝ ሁለት ቀን ሙሉ ተዋጉ። የሚወደውም የሚጠላውም ስለ ብሔረሰቦች የጻፈውን ጽሑፍ ያነበበው አልመሰለኝም።

23ኛ። ጦርነቱን ያቆመችው አንዲት ሴት ናት። እናቷ በ1965 ዓ.ም. መንገድ ዳር ይኖሩ ነበር፣ ከሰሜን ወደ ደሴ በሚመጣው አስፋልት። ጠዋት በር ሲከፍቱ ደጃፉ ላይ ሰው ተኝቶ ያገኛሉ፣ አንዳንዱ የሚነሳ አንዳንዱ የማይነሳ። ቤት ያለውን ቆሎ ቆጥረው በእፍኝ ይሰጣሉ። በዚያው ሰሞን ወንድማቸው ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ቆሞ ንጉሡን የሚያመሰግነውን መዝሙር ዘምሮ ይመለስ ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን መጥተው አይተው ፎቶ ይዘው አዲስ አበባ እስኪያሳዩ ድረስ ነገሩ ተሸፍኖ ነበር፣ እና ግብረ ገብ ብላችሁ ስታወሩ እናቴ ያንን ልጅ ታስታውሳለች ብላ ጨረሰች። ለብዙ ሰዓት ማንም ምንም አልጻፈም። እኔም ምን ልበል።

24ኛ። ደርግ ግብረ ገብን ጣለ ያልኩትን ያረመችኝ። የኮምቦልቻ ናት፣ ትልቅ ሴት መሰለችኝ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ሲጀመር እናቷ ከአርባ ዓመት በላይ ነበሩ፣ ቀን ገበያ ማታ ቀበሌ፣ በኩራዝ። ስማቸውን የጻፉ ቀን ኖራው ግድግዳ ላይ በከሰል ጻፉት፣ ባላቸው ቤቴን አበላሸሽ አለ፣ ቤቱስ የማን እንደሆነ አሁን ይነበባል አሉት ይባላል። ዘመቻው 15 ቋንቋ ላይ ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል ሽልማት አግኝቷል። ደርግን እንድወድላት አልጠየቀችኝም፣ ወንድሟን አጥታለች በዚያው ዘመን። ግን ልቅም አድርገህ ተናገር አለችኝ፣ እሺ እታለም።

25ኛ። አጭር ነው፣ ቋንቋ። ጃፓኖች ለጊዜው የውጭ መምህር ቀጠሩ፣ በብዙ ብር፣ ልጆቻቸው ሲበስሉ አሰናብተው መጽሐፉን በራሳቸው ቋንቋ አደረጉት። የኛ ልጅ ፊዚክሱን ሳይሆን እንግሊዝኛውን ሲታገል ይመረቃል። እዚህ ላይ ክርክር ይነሳል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ ሁሉም ተስማማ።

26ኛ። የኔ ነው፣ ክሩ ከመዘጋቱ በፊት የመጨረሻው። 4ኛውና 5ኛው ያሉኝ ነገር አልለቀኝም። ደብተሩን እንደገና ሳገላብጥ ከኋላ፣ ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ባለው ባዶ ወረቀት ላይ የክፍሉ ስም ዝርዝር አገኘሁ። አያቴ አለቃ ነበር ለካ፣ የቀረ የሚመዘግብ። 38 ስም አለ፣ ሁለት ሴት ብቻ። ከጎኑ በእርሳስ ምልክት፣ ከዚያ አንዳንዱ ላይ መስመር ተሰምሮበት በጥቃቅን ፊደል ምክንያት ተጽፏል። ታመመ። አገሩ ገባ። አጨዳ። አገባች ይላል አንዷ ላይ። የተሰመረባቸውን ቆጠርኩ፣ 17። ፊት ለፊት ያለው ገጽ ላይ ስለ ጽናት የተጻፈ ትምህርት አለ፣ መምህሩ 9 ከ10 ሰጥቶታል።

ይሄን ጽፌ ግብረ ገብ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፣ ልጄ አሁንም ታክሲ ውስጥ መነሳት አለበት አልኩ። 17ኛው ሳቀብኝ፣ ጋሼም ልጁን ወደ እኔ ላከው አሉ። ከዚያ አድሚኑ ዘጋው።

ከተዘጋ በኋላ አንድ ሰው በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። አባቱ በዚያ ዘመን እዚያው ክፍል እንደነበሩ ይሰማ ነበር፣ ከኩታበር በእግር እየተመላለሱ። ስማቸውን ነገረኝ። ሄጄ አየሁ፣ 22ኛ ላይ አሉ፣ ተሰምሮባቸዋል፣ ከጎኑ እረኛ ሆነ ይላል። ፎቶ ልላክልህ ብለው አይሆንም፣ ራሴ መጥቼ ነው የማየው አለ። ቅዳሜ ይመጣል። ቆርቆሮው ግን ገና አልተመታም፣ ዝናብም አለ፣ ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልዬ ቁምሳጥን ውስጥ አድርጌዋለሁ።